ለስላሳ ኮራልን በቤት ገንዳ ማባዛትና መሸጥ

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ፣ የባሕር ውሃ ገንዳ ለጀመሩና ለመጀመር ለሚያስቡ አማርኛ ተናጋሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፤

እንሰት በሚበቅልበት አገር ያደገ ሰው የዛሬውን ንግግሬን ግማሽ ሳልጀምረው ያውቀዋል። ገበሬው የእንሰት ችግኝ የሚያገኘው ዘር ዘርቶ አይደለም፤ ገና ያልጎመራ እንሰት ይነቀልና ግንዱ ከአሚቾው (ከመሬት በታች ካለው ወፍራም አካሉ) በላይ ይቆረጣል፣ በአሚቾው መሐል ያለው የዕድገት እምቡጥ ተፈልፍሎ ይወጣል፣ ከዚያም አሚቾው ተመልሶ ይቀበራል። ከወራት በኋላ ከዚያ ከቆሰለ አካል ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይወጣል። አንድ የነበረው ብዙ የሆነው በመቁሰሉ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም ገበሬ ዛሬ የቆረጠውን አሚቾ ነገ ገበያ አውጥቶ ችግኝ ነው ብሎ አይሸጥም። ስለ ለስላሳ ኮራል ሽያጭ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ነጥብ የሚወጣ ነው። መቁረጡ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ገዢው ገንዘብ የሚከፍልበት ግን ከመቁረጡ በኋላ ያለው የአንድ ወር ከግማሽ ጥበቃ ነው።

ኮራል እንስሳ መሆኑን እዚህ ለተቀመጣችሁት መንገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ቢላዋ ከማንሳታችን በፊት ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ማስታወስ ይጠቅማል። በአንድ ለስላሳ ኮራል ላይ የምናያቸው ትንንሽ አበባ መሳዮች ፖሊፕ ይባላሉ፤ እያንዳንዱ ፖሊፕ የራሱ አፍና የራሱ ሆድ አለው፣ ሁሉም ግን በጋራ ሥጋ ተያይዘው ምግብ ይከፋፈላሉ። ስምንት ክንድ አላቸው፤ ክንዱም እንደ ላባ ግራና ቀኝ ዘርፍ አለው። እንደ ድንጋያማዎቹ ኮራሎች የኖራ አጥንት አይሠሩም፤ ቅርጻቸውን ለመያዝ የሚረዷቸው በሥጋቸው ውስጥ የተበተኑ፣ በአብዛኛው ዓይን የማያያቸው የካልሲየም ካርቦኔት መርፌዎች ናቸው። ከዚህም ሌላ በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃን ተቀብለው ስኳር ያመርቱላቸዋል። እንግዲህ የሚቆረጠው አካል አንድ ጭንቅላትና አንድ ልብ ያለው ፍጥረት ሳይሆን እርስ በርሱ የተሳሰረ መንደር ስለሆነ፣ ጥቂት ፖሊፖች ያሉበት ቁራጭ ሁሉ ሙሉ ኮራል ለመሆን የሚያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል።

በንግዱ ዓለም “ሶፍት ኮራል” በሚለው ስም የሚጠሩት ሁሉ ግን በሳይንሱ አንድ ወገን አይደሉም። በተለምዶ መሽሩም የሚባሉትና ዞአ የሚባሉት ስምንት ክንድ የላቸውም፤ ወገናቸው ወደ ድንጋያማ ኮራሎችና ወደ ባሕር አኔሞኒ ይቀርባል። እኔም ዛሬ እንደ ገበያው አብሬ እጠራቸዋለሁ፤ ይሁንና አቆራረጣቸውም አደጋቸውም የተለየ መሆኑን ስንደርስበት እናያለን።

ስለ ውሃ አጠር አድርጌ ልለፍ። ለስላሳ ኮራሎች ቻይ ናቸው መባሉ እውነት ነው፤ ቻይነታቸው ግን ዝቅተኛ የሆነን ነገር እንጂ የሚለዋወጥን ነገር አይደለም። ጨዋማነቱ በሊትር 35 ግራም አካባቢ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አልካሊኒቲው (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8 ወይም 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 ሚሊግራም በላይ ሆኖ በየሳምንቱ ሳይወዛወዝ ከቆየ አብዛኞቹ ያድጋሉ። ናይትሬት ዜሮ እንዲሆን መጣጣር እንዲያውም ይጎዳቸዋል፤ በሊትር ከ5 እስከ 15 ሚሊግራም ድረስ ቢኖር ይወዳሉ። በዋሽንግተን ከተማና በአርሊንግተን ለምትኖሩ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የቧንቧችን ውሃ በአብዛኛው ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ በጸደይ መግቢያ ላይ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎሪንን ባልዲ ከፍቶ ማሳደር ሊያስወግደው ይችላል፤ ክሎራሚን ግን በዚህ መንገድ አይጠፋም፣ ሲሰባበርም አሞኒያ ይለቃል። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በማሳለፍ) የሚሠራ፣ ጥሩ የካርቦን ክፍልና መጨረሻ ላይ አሞኒያውን የሚይዝ ሬዚን ያለው ማጣሪያ ሳይገዙ ኮራል መሸጥን ማሰብ ወፍጮ ሳይኖር ዱቄት እሸጣለሁ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ቢላዋው። በእኔ አስተያየት ጀማሪ መማር ያለበት በቆዳ ኮራሎች ነው፤ እነዚህም ሳርኮፊተን፣ ሲኑላሪያና ሎቦፊተም የሚባሉት ናቸው። ሳርኮፊተን ጃንጥላ የመሰለ፣ ከእንጉዳይም የሚያመሳስሉት ኮራል ነው። ከመቁረጡ በፊት በነበረው ሳምንት ኮራሉ ፖሊፑን በሚገባ ከፍቶ መታየት አለበት፤ የተዘጋ፣ ቆዳውን እየገፈፈ ያለ ኮራል አይቆረጥም። በተለየ ዕቃ ውስጥ የራሱን የገንዳ ውሃ ቀድታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ በአዲስ የቀዶ ጥገና ምላጭ ጃንጥላውን ከአንገቱ ላይ በአንድ ጊዜ ቁረጡት። አንገቱ ከነድንጋዩ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ከሳምንታት በኋላም አዲስ ጃንጥላ ያወጣል። የተቆረጠው ጃንጥላ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ ተሸንሽኖ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ሊሆን ይችላል። እኔ ከአራት አላልፍም፤ ትንሽ ቁራጭ ይድናል እንጂ ለሽያጭ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ትርፉን ይበላዋል።

ጀማሪውን ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የቆዳ ኮራል ሲቆረጥ ብዙ ልጋግ ያወጣል፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ በልጋግ ላይ አይይዝም፤ ማታ ያጣበቃችሁት ጠዋት ፓምፑ ሥር ተወትፎ ታገኙታላችሁ። የሚሠራው ዘዴ ከኩሽና የመጣ ነው። ቁራጩን በስቴኪኒ ወግቶ ማሳለፍና የስቴኪኒውን ሁለት ጫፍ በትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ማሰር፣ ወይም ደግሞ ቁራጩን ጠጠር ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጦ ላዩን ለሙሽራ ቬሎ በሚሆን ስስ መረብ መሸፈን። የውሃ እንቅስቃሴው ልጋጉን የሚያጥብ፣ ቁራጩን ግን የማይነቅል መሆን አለበት። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁራጩ በራሱ ሥጋ ድንጋዩን ይይዛል፤ ስቴኪኒው የዚያን ጊዜ ይነቀላል። ቁስሉ ቡናማ ሆኖ መበስበስ ከጀመረ ግን አትዘኑለት፤ ከበሰበሰው ትንሽ አልፋችሁ እንደገና ቁረጡና በአዮዲን በተቀላቀለ የገንዳ ውሃ አጥባችሁ መልሱት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የቆዳ ኮራሎች ጎረቤታቸውን የሚዋጉት በመርዛማ ኬሚካል ነው፤ ቆዳቸው ሲቆረጥ ደግሞ ያ ኬሚካል በብዛት ወደ ውሃው ይፈሳል። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ትልልቅ ኮራሎችን በአንድ ላይ ቆርጬ፣ ቁራጮቹን ሳላጥብ፣ ማጣሪያው ውስጥም አዲስ ካርቦን ሳልጨምር ተኛሁ። እሑድ ጠዋት በገንዳው ውስጥ የተከፈተ ፖሊፕ አልነበረም፤ በሳምንቱ መጨረሻ ዜኒያ የምትባለው ለስላሳ ኮራል ሁለት መንጋዎች ቀልጠው አለቁ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ከአንድ ኮራል በላይ አልቆርጥም፣ ቁራጩን በሁለት የተለያየ ዕቃ ውሃ አጥባለሁ፣ ማታውኑ ካርቦን እቀይራለሁ፣ በማግስቱም ከውሃው አንድ አምስተኛውን እለውጣለሁ።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ግሪን ስታር ፖሊፕ የሚባለው በሐምራዊ ምንጣፍ ላይ የሚበቅለው ኮራል ከድንጋዩ ጫፍ እንደ ቆዳ ይላጣል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ምንጣፉ ልጋግ ስለማያበዛም በሱፐር ግሉ ይያዛል። ችግሩ ማደጉ ሳይሆን አለማቆሙ ነው፤ ከዋናው ድንጋይ ጋር በማይነካካ ብቸኛ ድንጋይ ላይ ካላስቀመጣችሁት ገንዳውን በሙሉ ይወርሰዋል። ኬንያ ትሪ የሚሉት ደግሞ ቅርንጫፎቹን በራሱ ጊዜ እየጣለ ስለሚራባ እኛን አይጠብቅም። መሽሩሞችን በአፋቸው መሐል ለመሐል አድርጎ ለሁለት ወይም ለአራት መክፈል ይቻላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የአፉን ቁራሽ ይዞ ከሄደ ይዘጋል፣ ይከባል፣ ከሳምንታት በኋላም የራሱ አፍ ይኖረዋል። ጠጠር ባለበት፣ በመረብ በተሸፈነና ውሃው ጸጥ ባለ ሳህን ውስጥ ማቆየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ዜኒያ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የምወዳት እርሷን ነውና። ስሟ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ እንግዳ መቀበልን ያመለክታል፤ ይህን ስም ለዚህ ወገን የሰጠው ፈረንሳዊው ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከእኛው ከቀይ ባሕር የታወቁ ናቸው። እጆቿን ያለማቋረጥ ስትከፍትና ስትዘጋ ያየ ሰው ሁሉ ለምን ይህን ያህል ጉልበት ታባክናለች ብሎ ይጠይቃል። የእስራኤል ተመራማሪዎች የቅርብ ዘመዷን ሄትሮዜኒያን በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በኤላት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ይህ እንቅስቃሴ በሥጋዋ ዙሪያ የሚከማቸውን ኦክስጅን ጠርጎ ስለሚወስድ በውስጧ ያሉት አልጌዎች ብዙ ስኳር እንዲያመርቱ ያደርጋል፤ የተጠቀመችበትም ውሃ ተመልሶ እንዳይመጣባት ያርቃል። ለማባዛት ደግሞ ምላጭ እንኳ አያስፈልጋትም። አጠገቧ ባዶ ድንጋይ ብታስቀምጡላት እየተራመደች ትወጣበታለች፤ ከተስፋፋች በኋላ ድንጋዩን ማንሳት ብቻ ነው። ጠባይዋ ግን አይታመንም፤ ስድስት ወር ሙሉ አረም ሆና ከርማ ምክንያቱ ሳይታወቅ በሁለት ቀን ውስጥ ልትቀልጥ ትችላለች። በዚህም ምክንያት ዜኒያን በፖስታ አልልክም፤ መጥቶ ለሚወስድ ብቻ ነው የምሸጠው።

ስለ ዞአዎች የምናገረው ከሽያጭ በፊት የሚመጣ ነው። በዚህ ወገን ካሉት በአንዳንዶቹ፣ በተለይም ፓሊቶዋ በሚባሉት ውስጥ፣ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ተለይቶ የተገለጸው ይህ መርዝ ከተፈጥሮ ከሚገኙት እጅግ ኃይለኞች አንዱ ነው። በቁስል ይገባል፣ ተስፈንጥሮ ዓይን ይጎዳል፣ ከሁሉ የከፋው ግን በእንፋሎት መተንፈሱ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ በአላስካ በአኳሪየም ሱቅና በመኖሪያ ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ ሳይጎዱ አልቀሩም ስለተባሉ ሰዎች ዘርዝሯል። ስለዚህ ዞአ ያለበት ድንጋይ በፈላ ውሃ አይታጠብም፣ አይቀቀልም፣ በኃይለኛ ብሩሽ አይፋቅም። ሲቆረጥ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል፣ ሕፃናትና ድመቶች ከክፍሉ ይወጣሉ፣ ዕቃውም ምግብ ለሚሠራበት ቤት አይመለስም። ይህን ለገዢው ሳይናገር ዞአ የሚሸጥ ሰው፣ የፈለገውን ያህል ቀለሙ ቢያምር፣ መሸጥ የለበትም እላለሁ።

ወደ ገበያው ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ መቼ ይሸጣል የሚለው ነው። መሸጥ በጀመርሁባቸው የመጀመሪያ ወራት ለአንድ ወጣት የአምስት ቀን ዕድሜ ያለው የሲኑላሪያ ቁራጭ ሸጥሁለት። መቀመጫ በምንለው ትንሽ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ቀለሙም ጥሩ ነበር። እርሱ ቤት ሲደርስ ግን የመንገዱ መንገላታትና ያልዳነው ቁስል ተደምረው ቁራጩ ከመቀመጫው ወደቀ፣ በስብሶም ትንሿን ገንዳውን አደፈረሰው። “ጋሼ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?” ብሎ ደወለልኝ። ምንም እንዳላጠፋ ነግሬው ገንዘቡን መለስሁለት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ የቆረጥሁበትን ቀን በእያንዳንዱ መቀመጫ ጠርዝ ላይ እጽፋለሁ። ስድስት ሳምንት ያልሞላው አይወጣም። ሥጋው ከድንጋዩ ጋር ሳይለይ ሲታይ፣ ቁስሉ ጠባሳ ሳይሆን ፖሊፕ ሲያወጣ፣ ሲነካም ተዘግቶ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ሲከፈት፣ ያን ጊዜ ችግኝ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር ከኮራሉ ጋር ምን አብሮ ይሄዳል የሚለው ነው። አይፕታዢያ የምትባለው ተናዳፊ አኔሞኒ፣ ኮራል የሚበሉ ጠፍጣፋ ትሎችና ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣዎች፣ አረፋ መሳይ አልጌዎች፣ ሁሉም በመቀመጫው ሥር ተደብቀው ይጓዛሉ። የዓሣ በሽታም እንዲሁ፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣው የባሕር ጥገኛ በሕይወት ዑደቱ አንደኛው ክፍል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ፣ ከዓሣ ገንዳ በቀጥታ የወጣ የኮራል መቀመጫ የገዢውን ዓሣዎች ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ነው ለሽያጭ የሚያድጉት ኮራሎች ዓሣ በሌለበት የተለየ ትንሽ ገንዳ ውስጥ እንዲቆዩ የምመክረው። ብዙ አያስወጣም፤ መብራት፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያና ጥልቀት የሌለው መስታወት በቂ ነው።

ያስወጣል አያስወጣም ከተባለ ደግሞ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 280 ሊትር የሚይዝ ገንዳ መብራቱም ፓምፑም ማሞቂያውም ተደምሮ በአማካይ 200 ዋት ቢበላ፣ በወር 144 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ የአንዱ ዋጋ 15 ሳንቲም ቢሆን ወደ 22 ዶላር ነው። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛው ውሃ ሲለወጥ አንድ ኪሎ ያህል ጨው ይወጣል። የማጣሪያ ሬዚን፣ ካርቦን፣ የውሃ መመርመሪያ ኬሚካል ይጨመርበት። ሦስት ወይም አራት ችግኝ በወር የሚሸጥ ሰው ገንዳው ራሱን እንዲችል ማድረግ ይችላል፤ የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ግን አይሆንም። አብዛኛው ለስላሳ ኮራል ርካሽ የሆነው በቀላሉ ስለሚባዛ ነው፤ እኛ የምናባዛውም በዚያው ምክንያት ነውና ዋጋው ቢወርድ ማጉረምረም አይገባንም። በማግስቱ የሚደርስ የመላኪያ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከኮራሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ በመኪና መጥቶ የሚወስድ የአካባቢ ገዢ፣ ወይም በአቅራቢያ ያለና በገንዘብ ፋንታ ጨውና ምግብ የሚሰጥ ሱቅ፣ ለቤት አርቢ የተሻለው ገበያ ነው። ገቢው ትንሽም ቢሆን በግብር መግለጫ ላይ መግባት እንዳለበት አትርሱ።

መላክ ግድ ከሆነ ሐሙስና ዓርብ አይላክም፤ ጥቅሉ ቢዘገይ ቅዳሜና እሑድ መጋዘን ውስጥ ያድራልና። ኮራሉ በሁለት ድርብ ፌስታል ይታሸጋል፣ ፌስታሉ በስታይሮፎም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በክረምት ሙቀት የሚሰጠው ከረጢት በሣጥኑ ክዳን ላይ እንጂ በፌስታሉ ላይ ተለጥፎ አይቀመጥም። በጥርና በየካቲት ብርድ ግን የተሻለው መልስ “መጋቢት ላይ እልክልሃለሁ” ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለአደጋ የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎች በሁለተኛው ሠንጠረዥ ሲመዘገቡ፣ ዛሬ የተነጋገርንባቸው ለስላሳ ኮራሎች በአብዛኛው በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ይህ ማለት ግን የትም ቦታ ተነቅለው ይወሰዳሉ ማለት አይደለም። ፊጂ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ኮራል ወደ ውጭ መላክን ከለከለች፤ ኢንዶኔዥያም በ2018 አቁማ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው የተራባውን መላክ መልሳ የጀመረችው። በእስራኤል ኮራል የተጠበቀ የተፈጥሮ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ሌሲ ሕግ ደግሞ በሌላ ቦታ ሕግ ተጥሶ የተወሰደን ፍጥረት መሸጥን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። ኤላት ወይም ጅዳ ዘመድ ልትጠይቁ ሄዳችሁ ከባሕሩ “ትንሽ ቁራጭ” ይዞ መምጣት የሚያጓጓችሁ ካላችሁ፣ እዚህ ከጎረቤት በ15 ዶላር የምታገኙትን ነገር በወንጀል አትግዙ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚደረገው ስሕተት የበለጠ ያስፈራኛል፤ ከገንዳ ወደ ባሕር የሚደረገው። ዜኒያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በፖርቶ ሪኮ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተስፋፍታ ተገኝታለች፤ ቦታዋ ያልሆነ ባሕር ነው። በቬኔዝዌላ ደግሞ ኡኖሚያ የምትባለው፣ ከአኳሪየም ንግድ እንደመጣች የሚታመነው ለስላሳ ኮራል፣ የአገሩን ድንጋያማ ኮራል ሸፍና ሰፊ ቦታ ይዛለች። ከዚህ አዳራሽ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ብዙ አይርቅም። ያልተሸጠ፣ የተረፈ፣ የታመመ ቁራጭ ሁሉ ደርቆ በቆሻሻ ከረጢት ይጣላል፤ የተቀየረው ውሃም በቤት ፍሳሽ እንጂ በመንገድ ቦይ አይደፋም።

በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ችግኞች አሉ፤ አምስት ሲኑላሪያ፣ ሁለት ሳርኮፊተንና ሁለት ግሪን ስታር። የተቆረጡበት ቀን በመቀመጫቸው ጠርዝ ላይ ተጽፏል። የምትወስዱ ሰዎች መኪና ውስጥ ማሞቂያው ፊት አታስቀምጧቸው። ቤት ስትደርሱ ፌስታሉን ሳትከፍቱ ለግማሽ ሰዓት ገንዳችሁ ላይ አንሳፍፉት፣ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ከገንዳችሁ ትንሽ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ በመጨረሻም ኮራሉን ብቻ አስገቡ እንጂ የፌስታሉን ውሃ አታስገቡ። ሳርኮፊተኖቹ ምናልባት ለሳምንት ያህል ተዘግተው ቆዳቸውን ይገፍፉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቦታቸውን አትቀያይሩባቸው። ከአሥር ቀን በኋላም ካልተከፈቱ ስልኬ አላችሁ።